ሞተሩ ቢለወጥ ባቡሩ ያው ነውን?

ለመሆኑ መጠገን ማለት ምን ማለት ነው? ቃሉን ሁላችንም በየቀኑ እንጠራዋለን። ጫማ ይጠገናል፤ ራዲዮ ይጠገናል፤ የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። ነገር ግን ቃሉን ገፋ አድርጎ ለተመለከተው ሰው በውስጡ ሁለት የማይስማሙ ሐሳቦች አብረው ተቀምጠዋል። የጠገነ ሰው ነገሩን ጠብቆታል እንላለን፤ ያለ እሱ ይጠፋ ነበርና። ያው ሰው ደግሞ ነገሩን ለውጦታል፤ የነበረውን አውጥቶ ያልነበረ አግብቶበታልና። ታዲያ ጠባቂ ነው ወይስ ለዋጭ? አመስግነን እንሸኘው ወይስ ይዘን እንጠይቀው?

ጥያቄው የፍልስፍና ክፍል ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ጥያቄ ነው በአንድ የተጠቀለለ። አንደኛው የህላዌ ጥያቄ ነው፤ አካሉ በየተራ የተለወጠ ነገር እስከ መቼ ድረስ ያው ነገር ነው? ሁለተኛው የግብረ ገብ ጥያቄ ነው፤ ከቀደሙን ሰዎች እጅ የተቀበልነውን ነገር እንዴት ብንይዘው ነው ታማኞች የምንባለው? እኛ ሁለተኛው ይበልጥብናል። ሆኖም ወደ ሁለተኛው የሚያስገባው በር አንደኛው ነውና ከዚያው እንጀምር።

የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ የሚያወራውን ብዙዎቻችን በመግቢያ ኮርስ ሰምተነዋል። የአቴና ሰዎች ቴሲዩስ የተባለው ጀግናቸው የተጓዘባትን መርከብ ለመታሰቢያ አስቀመጧት። ሳንቃዋ ሲበሰብስ እየነቀሉ በአዲስ ተኩት። ዘመን አለፈና መርከቧ የፈላስፎች መከራከሪያ ሆነች፤ ያቺው ናት የሚሉ ነበሩ፤ አይደለችም የሚሉም ነበሩ። በ17ኛው ምእተ ዓመት የእንግሊዙ ቶማስ ሆብስ ነገሩን አጠበቀው። አንድ ሰው የተነቀሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ በአንድ ሰብስቦ መልሶ ቢገጥማቸውስ? ሁለት መርከብ ይኖረናል፤ የቴሲዩስ የትኛዋ ናት?

የቦረና ገበሬ ቴሲዩስን አያውቀውም፤ ሞፈሩን ግን ያውቀዋል። ማረሻው ሲዶለዱም ቀጥቃጭ ዘንድ ወስዶ ያሾለዋል፤ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። ድግሩ ይሰበራል፤ ይለውጠዋል። እርፉ ይላላል፤ ሌላ ይጠርባል። አንድ ቀን ሞፈሩም ይሰበርና ከጓሮው ባሕር ዛፍ ይቆርጣል፤ ቀንበሩም ተራው ይደርሰዋል። ልጁ ወርሶ ሲያርስበት ግን «የአባቴ ዕርፍና ሞፈር ነው» ይላል እንጂ «የአባቴ አልነበረም፣ ከአካሉ አንድም የቀረ የለም» አይልም። ውሸታም ነውን? ማንም ውሸታም አይለውም። የደብሩ ቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ የጭቃው ግድግዳ ፈርሶ በድንጋይ ይታነጻል፤ ታቦቱ እስካለ ድረስ ግን ማንም ሰው «ሌላ ደብር ሆነ» አይልም። የሠፈሩ መስጊድም ሲታደስ ሰጋጁ ሌላ መስጊድ ሄድኩ አይልም።

ከዚህ የምንረዳው፣ ያገራችን ሰው የነገሮችን ማንነት በሳንቃቸው አይቆጥርም። በሁለት ነገር ነው የሚቆጥረው፤ በሥራቸውና በቅብብላቸው። ሞፈሩ እያረሰ እስከ ቆየና ከእጅ ወደ እጅ ሳይቋረጥ እስከ ተላለፈ ድረስ ያው ሞፈር ነው። ለሆብስም መልስ አለን ማለት ነው፤ የተጣለ ሳንቃ የለቀመው ሰው ሳንቃ አለው እንጂ መርከብ የለውም።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። ዳሩ ግን ሥራ ያቆመ ነገርስ? ቅብብሉ የተቋረጠስ? ሞፈር በየዓመቱ ስለሚያርስ ቅብብሉ አይበጠስም። ዓመታት በሣጥን ውስጥ የተኛና ያልዞረ ነገር በምን ሚዛን ይመዘናል? በዚህ ዓመት እኛን ሌሊት እንቅልፍ አሳጥቶ ያከራከረን እንዲህ ያለ ነገር ነውና እሱን እንናገር።

ከመካከላችን የአንዱ አያት በወጣትነታቸው ከዚህ ከደጋው ወርደው ድሬዳዋ በምድር ባቡሩ ጋራዥ ብዙ ዘመን የሠሩ ሰው ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ ቀያቸው ሲመለሱ ከዕቃቸው ጋር አንዲት መጫወቻ ሎኮሞቲቭ ይዘው መጡ፤ አገር ለቆ የሄደ አንድ የውጭ ሰው ትቶላቸው የሄደ ነው። ከክንድ የምታጥር፣ የጥቁር እንፋሎት ባቡር ቅርጽ ያላት ናት። ሆዷ ላይ ትራያንግ የሚል አለ፤ በእንግሊዝ አገር በማርጌት ከተማ ፋብሪካ የነበረው የመጫወቻ ባቡር ሠሪ ነው። እውነተኛው የጂቡቲ ባቡር ሐዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ሲኖረው የዚህች መንገድ አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ተኩል ነው። የምትሠራው በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። አያትየው አርፈዋል። ሞተሩም አይዞርም።

አሠራሩን ለማያውቅ ጓደኛ በአጭሩ እንግለጽ፤ ክርክራችን ያለ እሱ አይገባምና። ኤሌክትሪኩ ከሐዲዱ በጎማዎቹ በኩል ይገባል። ከዚያ በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች አድርጎ በዘንጉ ላይ ወዳለችው፣ ሦስት ቦታ ወደ ተከፈለችው የመዳብ ቀለበት ያልፋል። ቀለበቷ ሦስቱን የሽቦ ጥምጥሞች በየተራ ታቀጣጥላቸዋለች፤ ጥምጥሞቹ በማግኔቱ መካከል እየተሳቡና እየተገፉ ዘንጉን ያዞሩታል። በዘንጉ ጫፍ እንደ ቪቴ የተጠማዘዘ ጥርስ አለ፤ እሱ በጎማው አክስል ላይ ያለውን ጥርስ ጎማ ይነዳል። ሞተሩ ከባቡሩ አካል ጋር የሚያያዘው ከኋላ በአንዲት ቪቴ ነው፤ ፊቱ ደግሞ በቀዳዳ ውስጥ ይሸጎጣል። ቪቴዋን ፈትቶ ከኋላ ቀና ማድረግ ነው፤ ልቡ በመዳፍህ ላይ ይወጣል።

ካርቦኖቹ ነገር አላቸው። በደንብ የታሰበ ሞተር ላይ ካርቦኑ ከመዳቡ የለዘበ ነው። እንዲያልቅ ተብሎ የተሠራ ነው። እሱ እየተበላ መዳቡን ያድናል፤ ሲያልቅም በርካሽ ይለወጣል። ፈላስፋ ያልሆነ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ሐሳብ አስቦ በሁለት ሚሊ ሜትር ነገር ውስጥ ማስገባቱ ቀላል አይደለም።

ባቡሯን ይዘን መካነ ሰላም ውስጥ ራዲዮና ሞባይል ወደሚጠግኑ ጋሼ ዘንድ ሄድን። «አብሽሩ፣ ሞተር ሞተር ነው፤ ትንሽ ስለሆነ አይፈራም» አሉና ካቻቢቴያቸውን አነሡ። ሞተሩ ሲወጣ ሁላችንም ዝም አልን። ምክንያቱም በውስጡ ያገኘነው የፋብሪካውን እጅ ብቻ አልነበረም፤ የሌላ ሰው እጅም ነበረበት። ካርቦኖቹ የፋብሪካ አልነበሩም። ከባትሪ ድንጋይ መሐል የሚወጣው ጥቁር ዘንግ ተቆርጦና ተሞርዶ የተሠሩ ነበሩ። ካርቦኑን ከሚጫነው ስፕሪንግ አንደኛው ክንድ ኤሌክትሪኩ እንዳይገናኝ ሽፋን ሊኖረው ይገባል፤ ሽፋኑ አልቆ ኖሮ ከቀጭን ሽቦ የተላጠ ላስቲክ ተሰክቶበታል። ከሞተሩ ሥር ደግሞ በአራት የታጠፈች የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ተነጥፋ ነበር። ሽማግሌው ናቸው። ለልጅ ልጅ መጫወቻ እንደ እውነተኛ ሎኮሞቲቭ ተጨንቀውበታል።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ተነሣ። ከመካከላችን አንዱ «አዲስ ሞተር ይምጣ» አለ። ዛሬ በቆርቆሮ ቀፎ የተዘጉ ትንንሽ ሞተሮች በርካሽ ይገኛሉ፤ ከአሮጌው ያነሰ ኤሌክትሪክ ይበላሉ፤ ሳይንቀጠቀጡ በዝግታ ይዞራሉ። አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ ሊያስመጣልን ይችላል። ችግሩ ቅርጻቸው ሌላ ስለሆነ አሮጌው ቦታ ላይ አይገጥሙም፤ ወይ የባቡሩን አካል መቁረጥ፣ ወይ በማጣበቂያ ማጣበቅ ግድ ነው። ሁለተኛው «አትንኳት» አለ፤ የሞተች ብትሆንም የሳቸው እጅ እንዳለ የሚገኝባት እሷ ብቻ ናት፤ መደርደሪያ ላይ ትቀመጥ። ሦስተኛው «በራሷ ልብ ትዙር» አለ፤ አሮጌው ሞተር ይጠገን፤ ካርቦኑም እንደ ሳቸው ከባትሪ ድንጋይ ይቀረጽ፣ እሳቸው ያደረጉትን ማድረግ ነው ታማኝነት።

ሦስቱም የሚናገሩት እውነት እንዳለው ልብ በሉ። የመጀመሪያው የሚቆመው ለሥራው ነው፤ ባቡር መዞር አለበት ነው የሚለው። ሁለተኛው የሚቆመው ለአካሉ ነው። ሦስተኛው የሚቆመው ለሥርዓቱ፣ ለአደራረጉ ነው። በትልልቁ ነገር ሁሉ የምንጨቃጨቀውም በነዚሁ በሦስቱ ነው፤ በቋንቋችን፣ በባህላችን፣ በሃይማኖታችንም ሳይቀር። አንዱ «ይሠራ እንጂ እንዴት ብሎ» ይላል፤ ሌላው «ከነአቧራው ይቀመጥ» ይላል፤ ሌላው «አባቶች እንዳደረጉት ይደረግ» ይላል።

ጋሼ የሦስቱንም ሰምተው ሲያበቁ አንድ ነገር ተናገሩ። «ልጆች፣ ሰውየው ባትሪ ድንጋይ የቀረጹት ካርቦን ስላጡ ነው እንጂ ባትሪ ድንጋይ ወደው አይደለም።» ቀጥለውም አስረዱን። የባትሪው ዘንግ ከሞተር ካርቦን ይጠነክራል፤ ስለዚህ ራሱ ከማለቅ ይልቅ መዳቡን ይበላል። ቀለበቷን በመስታወት አሳዩን፤ ዙሪያዋን ተቦርቡራለች። እኛ ያንኑ ብንደግም ሞተሩን ማዳን ሳይሆን አሟሟቱን ማፋጠን ይሆንብናል።

ስለ ሲጋራ ፓኮዋ ግን ሌላ ተናገሩ። ለሚያየው ሰው የተረሳች ቆሻሻ ትመስላለች። ጋሼ ጥርስ ጎማውን በጣታቸው አዙረው፣ «ይኸ ጥርስ በልቷል» አሉ። ጥርሶቹ ሲበሉ ከዘንጉ ቪቴ ጋር የነበራቸው ርቀት ተዛብቷል። በጣም ከተጣበቁ ሞተሩ ይታነቃል፤ በጣም ከተላቀቁ ጥርሱ እየዘለለ ይፈጫል። ሽማግሌው ሞተሩን በወረቀት ውፍረት ያህል ከፍ አድርገው ልኩን አገኙት። ያቺ ወረቀት ቆሻሻ አይደለችም፤ ሐሳብ ናት። ጥርስ ጎማው እስካልተለወጠ ድረስም ሐሳቧ ልክ ነው።

እንግዲህ ከአንድ ሰው እጅ ሁለት ነገር ወረስን። አንደኛው፣ ካርቦኑ፣ የችግር ልጅ ነው፤ ችግሩ ከሌለ ምክንያቱም የለም። ሁለተኛዋ፣ ወረቀቷ፣ የማስተዋል ልጅ ናት፤ ምክንያቷ ዛሬም አለ። ለሁለቱም እኩል እንስገድ ማለት ሽማግሌውን ማክበር አይመስለንም። እሳቸው በሕይወት ኖረው ለስላሳ ካርቦን ብንሰጣቸው ኖሮ የባትሪውን ድንጋይ በደስታ እንደሚጥሉት፣ ወረቀቷን ግን መልሰው እንደሚያነጥፏት ማን ይጠራጠራል? ስለዚህ ለቀደሙን ታማኝ መሆን ማለት ያደረጉትን ሁሉ መድገም ሳይሆን፣ ያደረጉበትን ምክንያት ጠይቆ ምክንያቱ ያለውን መጠበቅ ነው። ይህን ደግሞ ነገሩን ሳይከፍቱ ማወቅ አይቻልም። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ባቡር ወረቀቷን አታሳይም።

ሥራው እንዲህ ተደረገ። ከተጣለ መሰርሰሪያ ላይ የተገኘ ለስላሳ ካርቦን በሞረድ ተሞርዶ ልክ ወጣለት። የመዳብ ቀለበቷ በስፒሪቶ ተጠረገች፤ በሦስቱ ክፍተቶቿ የገባው ጥቁር ብናኝ በእንጨት ጫፍ ወጣ፤ ብናኙ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጥምጥሞቹን ያገናኛልና። ጥምጥሞቹ አንድ በአንድ በቴስተር ተለኩ፤ ሦስቱም ደኅና ነበሩ። ማግኔቱ አልተነካም፤ እንዲህ ያለ አሮጌ ማግኔት መሐሉ ያለው ብረት ከወጣበት ጉልበቱ ይደክማል። ወረቀቷ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ሞተሩ በዚያቺው በአንዲት ቪቴ ታሰረ። ከባጃጅ ባትሪ ሁለት ሽቦ ስበን ከጎማዎቹ ጋር ስናነካካ ባቡሯ ተገልብጣ በጠረጴዛ ላይ ዞረች። ሐዲድ የለንም፤ የትም አልሄደችም።

ነገር ግን አንድ ሰው ቀርቶን ነበር። የጓደኛችን እናት፣ የሽማግሌው ልጅ፣ ካርቦኖቹ መውጣታቸውን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። «የአባቴን እጅ ነው ያወጣችሁት» አሉ። ይህን በምክንያት መመለስ አይቻልም። የመዳብ መበላት ለሐዘንተኛ ምኑ ነው? እኛ ስለ ጥርስና ስለ ወረቀት ያወራነው ለሞተሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለሳቸው ግን ያቺ የተሞረደች የባትሪ ድንጋይ ከማንኛውም ሞተር ትበልጣለች። ጓደኛችን ሁለቱን አሮጌ ካርቦኖች በክብሪት ቤት አድርጎ አመጣላቸው። ያዟቸው፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ፣ «ልጆቼ፣ አባቴ የነካውን ነገር ደብቆ አያውቅም። እናንተም የነካችሁትን አትደብቁ» አሉን።

ይህ ቃል ክርክራችንን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሰበሰበው። በአሮጌ ነገር ላይ የሚሠራው በደል መለወጥ አይደለም፤ ለውጦ መደበቅ ነው። ልቡን ለውጦ «እንደ ነበረ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ገዢውን አታሏል፤ ከዚያ ይልቅ ግን የቀደመውን ሠራተኛ አታሏል፤ የሱን ሥራ ደምስሶ የራሱን በሱ ስም አስቀምጧልና። ይህን የታላላቅ ሕንፃዎች አዳሾችም ደርሰውበታል። እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የወጣው የቅርሶች ጥገና ሰነድ፣ በጎደለ ቦታ የሚገባው ነገር ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ነገር ግን ከነባሩ ተለይቶ ይታወቅ ይላል። የጓደኛችን እናት ቬኒስን አያውቋትም፤ ሕጓን ግን ከአባታቸው ተምረዋል። እኛም በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ምን እንደ ወጣ፣ ምን እንደ ገባ፣ ማን እንዳደረገው፣ ከነቀኑ ጽፈን በባቡሯ ሆድ ውስጥ አኖርናት። ነገ የሚከፍታት ሰው ሦስት እጅ ያገኛል፤ የፋብሪካውን፣ የሽማግሌውን፣ የኛን።

ከዚሁ የምንጨምረው አለ። የመጀመሪያው ጓደኛችን ያለው አዲሱ ሞተር በራሱ ክፉ አይደለም። አንድ ቀን አሮጌው ጥምጥም ቢቃጠልና የሚጠመጥመው ቢጠፋ ይገባ ይሆናል። ይሁንና የባቡሩን አካል ቆርጦ ከሚገባ ሞተርና ሳይቆርጥ ከሚገባ ሞተር መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። ቆርጦ ያስገባ ሰው ከሱ በኋላ ለሚመጣው ምርጫ አልተወለትም። ሳይቆርጥ ያስገባ ግን «እኔ እንዲህ መስሎኛል፤ አንተ የተሻለ ብታውቅ መልሰው» ብሏል። ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል እንዲሉ ነው።

«ታዲያ ለአንዲት መጫወቻ ይህን ያህል ወሬ?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ደግሞስ በዚህ በደጋ፣ የወፍጮ ሞተር ሲቃጠል አንድ ቀበሌ ሙሉ እህሉን ተሸክሞ ሌላ ወፍጮ ፍለጋ በሚሄድበት አገር! ተቃውሞው ከባድ ነው፤ አንንቀውም። መልሳችን ግን የወፍጮውም ሞተር የሚጠገነው በዚያው ልማድ ነው የሚል ነው። በሦስት መስመር ኤሌክትሪክ የሚሠራ የወፍጮ ሞተር አንዱ መስመር ሲቋረጥበት በቀሩት ሁለቱ እየታገለ ይግላል፤ ካልቆመ ጥምጥሙ ይቃጠላል። ጠምጣሚው ሞተሩን ሲከፍት ከሱ በፊት የጠመጠመው ሰው ሽቦው ስንት ዙር እንደ ሆነና ውፍረቱ ምን ያህል እንደ ሆነ በሐቅ ትቶለት እንደ ሆነ ይድናል። የቀደመው ሰው በቀጭን ሽቦ ጠምጥሞ በቀለም ሸፍኖት ከሆነ ዱቄቱ የሚቀረው የማን ነው? የባልቴቷ ነው። መጫወቻ ላይ የተደበቀ እጅ ልጅን ያስለቅሳል፤ ወፍጮ ላይ የተደበቀ እጅ ቤተሰብ ያስርባል። ልማዱ ግን አንድ ነው።

አያትየው ያደጉበትን የሥራ ቤት እናስበው። እ.ኤ.አ. በ1897 ከጂቡቲ መሠራት የጀመረው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም በሱ ምክንያት ተቆረቆረች። በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ቦታውን እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ወስዶታል። አሮጌው መስመር በቆየባቸው ዘመናት ግን ከውጭ የመጡትን ሎኮሞቲቮች በሕይወት ያቆያቸው የድሬዳዋው ጋራዥ ነበር። ፈረንሳይ አገር የተሠራች ሎኮሞቲቭ፣ ኩሽኔታዋ፣ ቧንቧዋ፣ ብሎኗ በየተራ በድሬዳዋ እጆች ከተለወጠ በኋላ የማን አገር ናት? በሞፈሩ ሚዛን ብንመዝናት መልሱ ግልጽ ነው፤ የሠሯት ወለዷት፤ የጠገኗት ግን አሳደጓት። ታሪክ ስንጽፍ የወለዷትን ስም እንጽፋለን፤ መስመሩን ለመዘርጋት በ1886 ዓ.ም. ከአጼ ምኒልክ ፈቃድ የተቀበለው ስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በየመጽሐፉ አለ። ያሳደጓት የት ተጻፉ? በሲጋራ ፓኮ ላይ ብቻ።

ይህ የመርሳት ነገር በኛ አገር ሥር አለው። ብረት የሚነካውን ሰው «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ» ብለን ስንሰድብ፣ በዐይኑ ይበላል ብለን ስንሸሽ ኖረናል፤ ማረሻችንን ያሾለልንን ሰው ማለት ነው። አጼ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የብረት ሥራ ሲያቋቁሙ፣ ሴባስቶፖል የተባለውን ሰባ ኩንታል ያህል የሚመዝን መድፍ አሠርተው ተራራና ገደል እያስቆረጡ እስከ መቅደላ በ1860 ዓ.ም. ሲያስደርሱት፣ ያገሩን ሰው ለብረት ያለውን ንቀት ሊሰብሩ የሞከሩ ይመስለናል። አጼ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እኛ ግን ዛሬም በካምፓሳችን ውስጥ ካቻቢቴ የያዘ ተማሪ ስናይ «ምነው፣ ትምህርቱ አልሆነልህም እንዴ?» እንላለን። መስማት የሚያሳፍር ነው፤ እየሰማን ነው።

ሴባስቶፖልን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እናስተውል። መድፉ ዛሬም ከኛ ብዙ በማይርቀው በመቅደላ አምባ ላይ ተኝቷል። አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ ከለገሀር ባቡር ጣቢያ ሩቅ አይደለም። ማንም ቢሆን መድፉ ይጠገንና ይተኩስ አይልም፤ አይገባምም። እንዲህ ያለው ነገር ሥራው ተለውጧል፤ ሥራው ማስታወስ ነውና ዝም ማለቱ ሥራ መፍታት አይደለም። ስለዚህ «አትንኩት» የሚለው ጓደኛችን ሁልጊዜ ስሕተተኛ አይደለም። ጥያቄው ለያንዳንዱ ነገር ለብቻው ይጠየቅ ነው የምንለው፤ አሁን ሥራህ ምንድን ነው? መድፉ «ማስታወስ» ይላል። ሞፈሩ «ማረስ» ይላል። መጫወቻዋ ባቡር ሁለቱንም ትላለች፤ የሞተውንም ማስታወስ፣ ገና ያልተወለደውንም ልጅ ማስደሰት። ስለዚህ ነው ለሷ ክብሪት ቤቱም ሞተሩም ያስፈለጋት።

እንግዲህ ለርእሳችን መልስ እንስጥ። ሞተሩ ቢለወጥ ባቡሩ ያው ነውን? ያው የሚሆንበት መንገድ አለ፤ ያው የማይሆንበትም አለ። ሥራው ከቀጠለ፣ የቀደመው ሰው ምክንያት ተጠይቆ ምክንያት ያለው ከተጠበቀ፣ የተለወጠው ካልተደበቀ፣ ለሚመጣውም መመለሻ ከተተወለት ያው ነው። ከነዚህ አንዱ ቢጎድል፣ አንድም ቪቴ ሳይለወጥ እንኳ፣ ነገሩ ሌላ ሆኗል። ምክንያቱ የተረሳ ሥርዓት እንደ ተቃጠለ ጥምጥም ነው፤ ቅርጹ አለ፣ አይዞርም።

እኛ ተማሪዎች የምንወርሰው ከመጫወቻ የበለጠ ነው። የምንወርሰው ብዙ እጆች የነኩት፣ ብዙ ቦታ የተጣፈ፣ አንዳንድ ቦታውም የቆመ አገር ነው። ጥለን በአዲስ እንተካው የሚሉ አሉን፤ አትንኩት የሚሉም አሉን። ከሁለቱም ጋር ከመሰለፋችን በፊት ቪቴዋን እንፍታና ከሥር ያለችውን ወረቀት እንያት። ቆሻሻ ከሆነች እንጣላት፤ ሐሳብ ከሆነች እንመልሳት። የነካነውንም እንጻፍ።

ሐሳባችን ያልተዋጠለት ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይሞግተን። በተለይ አዲሱን ሞተር የደገፈው ጓደኛችን እስካሁን አልተረታም፤ መልስ እየጻፈ ነው።